ሎግ፦ ከመርከብ የወረደች አጭር ቃል

ዛሬ የምንጽፈው ከብዙ ጊዜ በፊት ልናርመው ይገባን ስለነበረ አንድ ስብከት ነው። ስብከቱ የሌላ ሰው አይደለም፤ የራሳችን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የወጣቶች ጉባኤ ላይ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1ን ይዘን ቆመን ነበር። ስለ ቃል፣ በግሪኩ «ሎጎስ» ስለሚባለው ስለ ጌታችን እየተናገርን ሳለ፣ ከፊታችን የተቀመጡት ልጆች ግማሾቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው አየን። በዚያ ሰሞን ኢሜይልና ፌስቡክ መጠቀም እየተለማመድን ስለነበር «ሎግ ኢን» የምትለዋ ቃል አእምሮአችን ውስጥ ትዞር ነበር። ድንገት መጣችልን። «ልጆች፣ ሎግ ኢን የሚለው ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከሎጎስ ነው! ሎግ ኢን ማለት ወደ ቃሉ ግባ ማለት ነው!» አልን። አዳራሹ በአሜን ተናወጠ። የተኙትም ነቁ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ያለውን ስብከት የሰማው ሰው ያለ አይመስለንም፤ ሁሉም ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዞ ሄደ።

ጉባኤው ሲበተን አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ እጁን እያፍተለተለ ቀረበንና፣ «ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ሎግ እኮ ግንድ ነው። የመርከብ ግንድ ነው» አለን። «ተባረክ ልጄ» ብለን ሸኘነው። ተባረክ ያልነው ለመገላገል እንጂ ለመባረክ አልነበረም።

ቤት ገብተን መዝገበ ቃላት ስንገልጥ ልጁ ልክ ነው። ሎግና ሎጎስ ምንም ዝምድና የላቸውም። የሚያሳፍረው ደግሞ ግሪክኛ ተምረናል። በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለን መምህራችን የሁለት ቃላት ድምፅ መመሳሰል ዘመድ እንደማያደርጋቸው ስንት ጊዜ ነግረውናል! በገዛ ቋንቋችን እንኳ ብንወስደው፣ «ዋና» አለቃም ነው፣ መዋኘትም ነው። ዋና ጸሐፊ የሚባለው ሰው ግን ዋናተኛ መሆን የለበትም።

ታዲያ በሚቀጥለው እሁድ ቆመን አረምነው? አላረምነውም። «ትንሽ ነገር ናት፣ መልእክቱ ግን እውነት ነው፣ ወደ ቃሉ መግባት ማን ይጠላል?» እያልን ተውነው። ባለፈው ዓመት ግን ወደ አንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ለአገልግሎት ሄደን፣ አንድ ወጣት ሰባኪ ያንኑ ነገር በእሳት ሲሰብከው ሰማን። ጨምሮበታል። «ሎግ አውት» ማለት ከቃሉ መውጣት፣ ማለትም ክህደት ሆኖአል። ከሰበከ በኋላ አቅፎ ሳመንና «ከእርስዎ የተማርኩት ነው» አለን።

ለዚህ ነው ይህን የምንጽፈው። መጀመሪያ ቃሏን ወደ ተወለደችበት ባሕር እንመልሳት፤ በመንገዳችን ካሰብነው በላይ የሚያስተምር ነገር አግኝተንባታል።

ሎግ በእንግሊዝኛ የተቆረጠ ግንድ፣ ጉማጅ ማለት ነው። በየብስ ስንሄድ ምን ያህል እንደ ፈጠንን የምናውቀው የማይንቀሳቀስ ነገር አጠገባችን ስላለ ነው፤ ዛፉ፣ ቤቱ፣ የኪሎ ሜትር ድንጋዩ ወደ ኋላ ሲያልፍ እናያለን። በውቅያኖስ መካከል ግን ምንም የለም። ስለዚህ መርከበኞች ከመርከቡ የኋላ ጫፍ እንጨት ውኃው ላይ ይጥሉ ነበር። እንጨቱ ባለበት ይቀራል፣ መርከቡ ይሄዳል። እንጨቱ በገመድ ታስሮአል፤ ገመዱ ላይ በእኩል ርቀት ቋጠሮ አለ። አንዱ መርከበኛ ገመዱን ይለቃል፣ ሌላው ትንሽ የአሸዋ ሰዓት ገልብጦ ይይዛል። አሸዋው ወርዶ እስኪያልቅ ስንት ቋጠሮ በእጅ እንዳለፈ ይቆጠራል። እንግሊዛዊው ዊልያም ቦርን እ.ኤ.አ. በ1574 ስለ ባሕር ጉዞ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ዘዴ ጽፎታል። እንጨቱም እየተሻሻለ ሄዶ የክብ ሩብ ቅርጽ ያለው ሳንቃ ሆነ፤ ውኃው ውስጥ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በጎባጣው ጠርዝ በኩል እርሳስ ተደረገበት። በኋለኛው ዘመን ልኩ ሲስተካከል አሸዋው 28 ሰከንድ የሚፈጅ፣ በቋጠሮዎቹ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 47 ጫማ ከ3 ኢንች ማለትም 14.4 ሜትር ያህል እንዲሆን ተደረገ። እንዲህ ሲሆን ያለፈው የቋጠሮ ቁጥር በቀጥታ የሰዓቱን ፍጥነት ይሰጣል። እስከ ዛሬ የመርከብና የአውሮፕላን ፍጥነት በ«ኖት» የሚነገረው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ኖት ማለት ቋጠሮ ነው።

የተገኘው ቁጥር በጠመኔ በሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ከነፋሱ አቅጣጫና ከመርከቡ አቅጣጫ ጋር። ሰሌዳው «የሎግ ሰሌዳ» ተባለ። ከሰሌዳው ደግሞ ወደ መጽሐፍ ይገለበጣል፤ እርሱም «ሎግ ቡክ» ሆነ። (በእንግሊዝ የባሕር ኃይል እስከ 1805 ድረስ በዚያ መጽሐፍ ላይ ቀን የሚጀምረው ከእኩለ ቀን ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያን ሰዓታችንን ከንጋት ስለምንቆጥር የሚደንቀን ፈረንጅ ይህንን ቢያስታውስ መልካም ነው።) በመጽሐፉ ላይ ፍጥነት ብቻ አይጻፍም፤ የታመመው፣ የተቀጣው፣ የሞተው፣ ማዕበሉ፣ የተቀደደው ሸራ ሁሉ ይጻፋል። ስለዚህ ሎግ የሚለው ቃል ከግንድነት ወጥቶ በተራ በተራ የተጻፈ የእውነተኛ ነገር መዝገብ ማለት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። በ1960ዎቹ ብዙ ሰዎች አንድን ትልቅ ኮምፒውተር እየተጋሩ ሲሠሩ ማን መቼ እንደ ገባ መመዝገብ አስፈለገ፤ መዝገቡ ላይ መግባት «ሎግ ኢን» ተባለ። በ1997 አንድ አሜሪካዊ በኢንተርኔት ላይ የሚጻፍ የዕለት መዝገብን «ዌብሎግ» አለው፤ በ1999 ሌላው ቃሉን ቆርጦ «ብሎግ» አደረገው። እንግዲህ ይህን የምታነቡበት ገጽ ራሱ ስሙን ያገኘው ውኃ ላይ ከተጣለ ጉማጅ ነው። ሎጎስ የለበትም።

አንድ ነገር ግን ለፍትሕ ሲባል መናገር አለብን። ከሎጎስ የመጣ አንድ «ሎግ» በእውነት አለ፤ የሒሳብ ተማሪዎች የሚያውቁት ሎጋሪዝም ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒር በ1614 ሲያሳትመው ሎጎስንና የግሪኩን የቁጥር ቃል አጋጥሞ ስም አወጣለት። መርከበኞችም ስሌታቸው ስለቀለለላቸው በጣም ተጠቀሙበት። ይኸው ኔፒር በዘመኑ ብርቱ ፕሮቴስታንት ነበር፤ በ1593 በራእይ ዮሐንስ ላይ የጻፈው ማብራሪያ አለው። በዚያም ዓለም ከ1688 እስከ 1700 ባለው ጊዜ እንደምትጠፋ አስልቶ ነበር። ሒሳቡ ዛሬም ያገለግላል፤ ትንቢቱን የሚያስታውሰው የለም። ቀን ለሚቆርጡ የዘመናችን ሰዎች ይህን ብቻ ብለን እናልፋለን። በዘሌዋውያን 14 ላይ በዕብራይስጡ «ሎግ» የሚባል የዘይት መስፈሪያም አለ፤ እርሱም ለብቻው የቆመ፣ ከሁለቱም ጋር የማይዛመድ ነው። አንድ ሰባኪ ከለምጽ የነጻው ሰው የተቀባው «ሎጎስን» ነው ብሎ ሳይነሣ አስቀድመን ብንናገር ይሻላል።

አንዳንዶቻችሁ «ፓስተር፣ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል? ነፍሳት እየጠፉ ስለ ግንድ እንነጋገራለን?» ትሉ ይሆናል። እኛ ግን ይህ ትንሽ ጉዳይ አይመስለንም። በመድረኮቻችን ላይ በቃል ሥር መጫወት ልማድ ሆኖአል። የእግዚአብሔር ኃይል በግሪኩ «ዱናሚስ» ስለ ተባለ ዲናሚት ነው፣ ያፈነዳል እንላለን። ዲናሚት ግን አልፍሬድ ኖቤል በ1867 የሠራውና ከግሪኩ ቃል ስም የሰጠው ፈንጂ ነው፤ ጳውሎስ ሮሜ 1፥16ን ሲጽፍ ፈንጂ አላሰበም። ስለ ሙታን ትንሣኤ ኃይል የሚናገረውን ቃል ድንጋይ በሚያፈርስ ባሩድ መተርጎም ማሳነስ ነው። በኮሌጅ ሳለን የጄምስ ባርና የዲ. ኤ. ካርሰን መጻሕፍት ይህንኑ ስሕተት እንድንጠነቀቅ አስተምረውን ነበር፤ ቃል የሚተረጎመው ተናጋሪው በተጠቀመበት አገባብ እንጂ ከሥሩ ተመዝዞ አይደለም። አውቀን ነው የሳትነው። ሕዝቡ አሜን ሲል ጣፈጠን።

በመድረክ ላይ የተነገረ ትንሽ ውሸት፣ ለመልካም ዓላማ ቢሆን እንኳ፣ ሰሚው በኋላ በመዝገበ ቃላት ሲያገኘው ምን ያደርጋል? ያ ተማሪ ጨዋ ስለ ነበር ወደ እኛ መጣ። ሌላው ግን በልቡ «ስለ ሎግ የዋሸኝ ሰው ስለ ትንሣኤ እንዴት አምነዋለሁ?» ብሎ ይሄዳል። እንዲህ ብለው የሄዱ ልጆች እንዳሉ አንጠራጠርም።

አሁን ወደ ግንዱ እንመለስ፤ አንድ ነገር ቀርቶናልና።

መርከበኛው የሚጥለው እንጨት አንድ ድክመት አለበት። የሚለካው መርከቡ ውኃውን ሰንጥቆ የሚሄድበትን ፍጥነት ነው። ውኃው ራሱ፣ በሥር ያለው የባሕር ሞገድ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚፈስ ከሆነ ግንዱ አያውቅም። መርከቡም ግንዱም በአንድነት ይወሰዳሉ። ስድስት ቋጠሮ ተቆጠረ፣ በሰሌዳው ላይ ስድስት ተጻፈ፣ ሸራው ተነፍቶአል፣ ሁሉም ደስ ብሎታል፤ መርከቡ ግን ወደማይፈለግበት ወገን እየተንሸራተተ ነው። መዝገቡ ላይ ውሸት የለም። የተጻፈው ሁሉ በትክክል የተለካ ነው። ቦታው ብቻ ሌላ ነው።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በጥቅምት 1707 ከሜዲትራኒያን ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በአድሚራል ክላውድስሊ ሾቬል የሚመሩት መርከበኞች ያሉበትን ስፍራ አሳስተው ገመቱ። በሌሊት በሲሊ ደሴቶች ዓለቶች ላይ ወጡ። አራት መርከቦች ጠፉ፤ የሞቱት ከ1,400 እስከ 2,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ አድሚራሉም አብሮ ሞተ። ልምድ ያላቸው፣ መዝገብ የሚይዙ ሰዎች ነበሩ።

የዕብራውያን ጸሐፊ በምዕራፍ 2፥1 የሰማነውን አጥብቀን እንድንይዝ የሚያስጠነቅቀው እንዳንወሰድ ነው። ቃሉ የውኃ ቃል ነው፤ ሳያውቁት ተንሸራትቶ ማለፍ። ማንም ሰው ሆን ብሎ ከጌታ ልራቅ ብሎ አይነሣም። ይወሰዳል። ይህን ስናነብ የሚታየን የቤተ ክርስቲያናችን ዓመታዊ ሪፖርት ነው። ይህን ያህል ተጠመቁ፣ ይህን ያህል ጉባኤ ተደረገ፣ ይህን ያህል አጥቢያ ተተከለ፣ ይህን ያህል ወንበርና ሞንታርቦ ተገዛ። እኛም ጽፈናል፤ አንብበናል፤ ተጨብጭቦልናል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከሥር ያለው ውኃ ወዴት እየሄደ ነው? ከሃያ ዓመት በፊት በመካከላችን ኀጢአት የነበረው ዛሬ ብልጠት ሲባል፣ ለመዳን ይጸልይ የነበረው ሕዝብ ዛሬ ለቪዛ ብቻ ሲጸልይ፣ ይህ በየትኛው ሰንጠረዥ ይገባል? የፍጥነት ችግር የለብንም። እንዲያውም በጣም እንፈጥናለን።

በሐዋርያት ሥራ 27 ላይ ያሉት መርከበኞች ሎግ አልነበራቸውም፤ ግንዱ ገና አልተፈጠረም። ነገር ግን መለኪያ ገመድ ነበራቸው። በዐሥራ አራተኛው ሌሊት ወደ ምድር የቀረቡ ሲመስላቸው ጣሉት፤ ሃያ ሆነ። ጥቂት አለፍ ብለው ደግመው ጣሉ፤ ዐሥራ አምስት። ወዲያው አራት መልሕቅ ጣሉ። ልብ በሉ፤ የለኩት ፍጥነታቸውን ሳይሆን ከበታቻቸው ያለውን ነው። ሉቃስ ይህን ሁሉ በምን ያህል ጥንቃቄ እንደ ጻፈው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ስሚዝ በ1848 ባሳተመው ጥናት አሳይቶአል። እርሱ ራሱ መርከብ የሚነዳ ሰው ነበረና፣ በማዕበል የሚንገላታ መርከብ ከቄዳ ደሴት እስከ ማልታ ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት አሰላ፤ ዐሥራ ሦስት ቀን ያህል ሆነለት። ሉቃስ ከጻፈው ጋር ይገጥማል። ያ የእምነት ሰው የጻፈው ትክክለኛ ሎግ ነው፤ ለማስደነቅ ብሎ አንድ ቀን አልጨመረም።

ስለ ትክክለኛ መዝገብ ስናስብ ግን ሁልጊዜ የሚረብሸን ሌላ ሰው አለ፤ ጆን ኒውተን። «አሜዚንግ ግሬስ» የሚባለውን መዝሙር የጻፈው ነው፤ በአማርኛም እንዘምረዋለን። ብዙ ጊዜ በመድረክ ላይ የምንተርከው እንዲህ ነው፦ የባሪያ ነጋዴ ነበር፣ በማዕበል ጌታን ጠራ፣ ዳነ፣ ንግዱን ተወ፣ መዝሙሩን ጻፈ። ታሪኩ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። ማዕበሉ በ1748 ነበር። ከዚያ በኋላ፣ ከ1750 እስከ 1754፣ የባሪያ መርከብ ካፒቴን ሆኖ ተጓዘ። እሁድ እሁድ ለመርከበኞቹ የጸሎት ሥርዓት ይመራ ነበር። የመርከቡንም መዝገብ በሚገባ ይዞ ነበር፤ መዝገቡ እስከ ዛሬ አለ፣ ታትሞም ይነበባል። ነፋሱ አለ፣ አቅጣጫው አለ፣ የተገዙት ሰዎች አሉ። በመርከቡ ውስጥ የሞቱት አፍሪካውያን በስማቸው አልተጻፉም፤ በቁጥር ነው። ቁጥር ይህን ያህል፣ ሞተ፤ ወደ ባሕር ተጣለ። በ1754 ባሕሩን የተወው ሕሊናው ስለ ወቀሰው ሳይሆን ስለ ታመመ ነበር። በንግዱ ላይ በይፋ የጻፈው በ1788፣ ማለትም ከማዕበሉ 40 ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ አፈረ፣ መሰከረ፣ በፓርላማም ፊት ቀርቦ ያየውን ተናገረ። የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያ ንግድን ያገደው በ1807 ሲሆን፣ እርሱም በዚያው ዓመት መጨረሻ ዐረፈ።

ጌታ በማቴዎስ 7 ስለ ጉድፍና ስለ ምሰሶ ሲናገር፣ አንዳንድ የቅርብ ጊዜ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ምሰሶውን «ሎግ» ይሉታል። ኒውተን አንዱ ሎግ በእጁ፣ ሌላው ሎግ በዓይኑ ነበር። ይህ የቃል ጨዋታ መሆኑን እናውቃለን፤ ግሪኩ ይህንን አይልም፣ ስለዚህ ማንም ከሥሩ የወጣ ምሥጢር አድርጎ እንዳይሰብከው። ነገሩ ግን ያስፈራናል። ጸሎት የሚመራ፣ መዝገቡ የጠራ፣ በእውነት የዳነ ሰው፣ ከእግሩ በታች በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች እያሉ አላያቸውም። እኛስ በዚህ ዘመን ከእግራችን በታች ማን አለ? የቤት ሠራተኞቻችንን እሁድ ወደ ጉባኤ የምንልክ ስንቶቻችን ነን? ስማቸውን በሙሉ የምናውቅስ?

ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን ሎግ የሚለውን ቃል ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በአሜሪካ ትራክ የሚነዱ ወንድሞች ብዙ ናቸው። በዚያ አገር ሕግ ሾፌሩ ለዐሥር ሰዓት ካረፈ በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም፤ ይህንንም በሎግ ያስመዘግባል። ቀድሞ በወረቀት ነበር፤ ከታኅሣሥ 2017 ወዲህ ግን ለአብዛኞቹ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ መሣሪያ ይመዘግበዋል። ከእነዚህ ወንድሞች አንዱ አንድ ሌሊት ደወለልን። «ፓስተርዬ፣ ሎጌ አልቆአል። ዲስፓቸሩ ግን ‹አንተ ንዳ፣ ሎጉን እኛ እናስተካክልልሃለን› ይለኛል። እምቢ ካልኩ ጭነት አይሰጡኝም። ልጆች አሉኝ፤ እናቴም የምትኖረው በምልከው ነው» አለን።

ለዚህ ሰው ቀላል መልስ አልነበረንም። «አትዋሽ» ማለት ከአዲስ አበባ ሆኖ ቀላል ነው፤ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው እርሱ ነው። በዚያን ሌሊት የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደክሞሃል ወይ? ዝም አለ። ከዚያ «ሁለት ጊዜ መሥመር ለቅቄአለሁ» አለን። ያን ጊዜ ነገሩ የወረቀት ጉዳይ አለመሆኑ ለሁለታችንም ገባን። መዝገቡ ሐሰት ሲሆን የሚሞተው በሌላው መሥመር የሚመጣው ቤተሰብ ነው። መኪናውን አቁሞ ተኛ። ያን መሥሪያ ቤት በኋላ ለቀቀ፤ ለአራት ወር ያህል ያለ ሥራ ተቀምጦአል። ጌታ ወዲያው የተሻለ ሥራ ሰጠው ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን ነበር፤ አሁን የሚነዳው ቀድሞ ከሚያገኘው ባነሰ ክፍያ ነው።

እንግዲህ በትክክል መጠበቅ ያለበት መዝገብ አለ። ፈጽሞ መያዝ የሌለበት መዝገብም አለ።

አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ለምክር መጡ። ባል ስልኩን አወጣና ማንበብ ጀመረ። ቀን፣ ሰዓት፣ ያለችው ቃል፣ ያደረገችው ነገር። ሦስት ዓመት ሙሉ ጽፎአል። በሠርግ ቤት እናቱን ሳትስም ያለፈችበት ቀን ሳይቀር አለ። ሚስት እንባዋን ዋጥ አድርጋ «ፓስተር፣ እኔ እንኳ የረሳሁትን ያውቃል» አለች። መዝገቡ እንደ መርከብ ሎግ የተስተካከለ ነበር፤ ሐሰትም ያለበት አይመስለንም። የእርሱ በደል ግን አንድም አልተጻፈበትም።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 13፥5 ፍቅር በደልን እንደማይቆጥር ሲናገር የተጠቀመበት ግሪክ «ሎጊዞማይ» ነው። ይህኛው በእውነት የሎጎስ ዘመድ ነው! ነገር ግን ትርጉሙን የምናገኘው ከዝምድናው አይደለም፤ በዘመኑ ነጋዴዎች ሒሳብ ሲይዙ ይጠቀሙበት ስለነበር ነው። በ2ኛ ቆሮንቶስ 5፥19 እግዚአብሔር በክርስቶስ ዓለምን ሲያስታርቅ በደላቸውን አልቆጠረባቸውም ሲል ያው ቃል ነው። የሰማዩ መዝገብ ያዥ ሁሉን ያውቃል፤ መዝሙር 56 እንባችንን ሳይቀር እንደሚመዘግብ ይናገራል። በእኛ ላይ የነበረውን የዕዳ ጽሕፈት ግን በመስቀል ላይ ቸነከረው፤ ቆላስይስ 2፥14። ያን ቀን በጉባኤው መስበክ የነበረብን ይህ ነበር። እውነተኛው ነገር በእጃችን እያለ ሐሰተኛውን ሰበክን።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የሚደበድባት ባል ያላት እኅት የደረሰባትን ቀንና ሰዓት ብትጽፍ፣ ያንን ለሽማግሌ ወይም ለፖሊስ ብታሳይ፣ ጳውሎስ የከለከለውን አላደረገችም። በዚህ ጥቅስ የተጎዱ ሰዎችን አፍ የዘጉ አገልጋዮች አሉ፤ ቃሉን እንደ እኛ ከቦታው አንሥተውታል፤ የእነርሱ ስሕተት ደግሞ ከእኛ ይልቅ ይጎዳል። ያ ባል የጻፈው ግን ለመዳን አልነበረም፤ ለማሸነፍ ነበር።

አጥፋው አልነው። አላጠፋውም። «ላስብበት» ብሎ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። ሁለቱ ዛሬም አብረው ናቸው፤ ያ ጽሑፍም ዛሬም ስልኩ ውስጥ ያለ ይመስለናል። እየጸለይንላቸው ነው።

ለዚያ ወጣት ሰባኪም ባለፈው ሳምንት ደወልንለት። ሎግ ግንድ መሆኑን፣ እኛ እንዳሳሳትነው ነገርነው። ብዙ ሳቀ፤ ከዚያ ጸጥ አለና «በሦስት ከተማ ሰብኬዋለሁ እኮ ፓስተር፤ አሁን ምን ላድርግ?» አለ። በሦስቱም ከተማ ቆመህ አርመው፣ ከፈለግህ አብረንህ እንመጣለን አልነው። የመጀመሪያው በሚቀጥለው ወር ነው። ያን የወጣቶች ጉባኤ ስብከት ቀድታችሁ የያዛችሁ፣ ወይም በቴሌግራም ያጋራችሁ ወገኖች ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ጽሑፍ ከሥሩ አያይዙልን። ያ የኮምፒውተር ተማሪ ይህን የሚያነብ ከሆነም ይጻፍልን፤ ስሙን ሳንጠይቀው ነበር የሸኘነው።